የወባ ደም ምርመራ፦ ከጣት ጫፍ እስከ ውጤቱ ወረቀት

ለኮምቦልቻና ለአካባቢዋ ጤና ጣቢያዎች አዲስ ለተመደባችሁ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች

ሐረጎ ዳገት ላይ ቆሞ ቁልቁል ለተመለከተ፣ ኮምቦልቻ የቦርከናን ወንዝ ተከትላ ሜዳው ላይ ተዘርግታ ትታያለች። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ሁለቱን የሚለያቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ለወባ ትንኝ ይህ ቁልቁለት ትልቅ ድንበር ነው፤ ሰው ግን በየቀኑ ይሻገረዋል። ሰኞ ባቲ ገበያ ውሎ የሚመለስ ነጋዴ፣ በጅቡቲ መስመር የሚመላለስ ሾፌር፣ ሐርቡና ከሚሴ ዘመድ ጠይቃ የምትመጣ እናት፣ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ከርሞ የሚገባ ጎልማሳ፣ ሁሉም በተራቸው እኛ መስኮት ላይ ይቆማሉ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በአንድ ስህተቴ ምክንያት ነው። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ በጥቅምት ወር፣ አንድ አባት ትኩሳትና ብርድ ብርድ እያላቸው መጡ። ከየት እንደመጡ ስጠይቃቸው «ከደሴ» አሉኝ። ደሴ ስል በልቤ ወባን አስቀድሜ ሰረዝኩ። በማይክሮስኮፕ ሃያ ያህል የእይታ መስኮች አየሁና «የወባ ተውሳክ አልታየም» ብዬ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን በሰው ትከሻ ተደግፈው መጡ፤ አዲሱ ስላይድ (ደሙ የተቀባበት መስታወት) ቀለበት በሚመስል የወባ ተውሳክ ተሞልቶ ነበር። የመጀመሪያውን ስላይድ ከሳጥኑ አውጥቼ እንደገና በእርጋታ አየሁት። በ63ኛው መስክ ላይ አንዲት ቀጭን ቀለበት ተቀምጣ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ወባ ባለበት ጨፋ እህታቸው ዘንድ ማሽላ ሲጠብቁ ሰንብተው ኖሯል። እኔ ግን ያንን አልጠየቅኳቸውም። እግዜር ይመስገን ዳኑ።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ «አልታየም» የሚለውን ቃል ለመጻፍ መብት የሚሰጠን በትክክል የተሠራና በትክክል የታየ ስላይድ ብቻ ነው። አወንታዊ ውጤት ራሱን ያሳያል። አሉታዊውን ግን እኛ ነን በሥራችን እውነት የምናደርገው።

1. ከመርፌው በፊት ጥያቄ

የምርመራ ማዘዣው ላይ ያለው አድራሻ የመኖሪያ ቀበሌ ነው፤ ትንኟ የነከሰችበት ቦታ አይደለም። ስለዚህ «ከየት መጡ?» ሳይሆን «ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ከቤትዎ ውጭ የት አደሩ?» ብላችሁ ጠይቁ። የወባ ትንኝ በብዛት የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና ያደሩበት ቦታ ከዋሉበት ይልቅ ይናገራል። ከንክሻው እስከ ትኩሳቱ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ትናንት ባቲ ሄዶ ዛሬ ያተኮሰው ሰው ወባውን ከትናንቱ ጉዞ አላመጣውም ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ከዚህ በፊት ወባ ታመው ያውቃሉ? መቼ? ምን መድኃኒት ወሰዱ?» የሚለው ነው። ቫይቫክስ የተባለው ዝርያ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ሦስተኛው ደግሞ «ለዚህ ትኩሳት እስከ አሁን የወሰዱት ክኒን አለ?» ነው። ቤት ውስጥ የተረፈ የወባ መድኃኒት የወሰደ ሰው ደሙ ውስጥ ተውሳኩ ሊመናመን ይችላል። ይህን ካላወቃችሁ ስላይዱ ያሳስታችኋል።

«ደጋ ነው፣ ወባ አይኖርም» የሚለውን ሐሳብ ከአእምሯችሁ አውጡ። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ የተነሳው ታላቁ የወባ ወረርሽኝ የመታው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያላቸውን አካባቢዎች ነበር፤ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ተገምቷል። የኮምቦልቻ ከፍታ በዚያ ቀበቶ መካከል ነው። በሽታውን የለመደ ሕዝብ የመከላከል አቅሙ ጥቂትም ቢሆን ይገነባል፤ ያልለመደው ደገኛ ግን በጥቂት ተውሳክም ቢሆን ክፉኛ ይታመማል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ በርሜልና ታንከር ውስጥ መራባት የምትችለው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ከታየች በኋላ ባቲ ላይም ተገኝታለች። ባቲ ደግሞ ለእኛ ጎረቤት ናት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ደግሞም በሚያዝያና በግንቦት ዓይናችሁን በተለይ ክፈቱ፤ በሌላውም ወር ግን አትዝጉት።

2. ስላይዱ

አዲስ ከካርቶን የወጣ ስላይድ ንጹሕ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ስስ ቅባት አለበት። ደሙ ቅባት ላይ አይዘረጋም፤ እንደ ዶቃ ይሰበሰባል፣ ቀዳዳም ይሠራል። በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፣ አልኮል አስነኩና ክር በማይተው ጨርቅ ወልውሉት። ከዚያ በኋላ ጠርዙን ብቻ ያዙ። የጣት አሻራ ያረፈበትን ወደ ጎን አድርጉት።

3. ደም መውሰድ

የሚያስፈልጋችሁን አስቀድማችሁ አሰናዱ፤ ጓንት፣ 70 በመቶ አልኮል፣ ጥጥ፣ ያልተከፈተ ላንሴት (የጣት መውጊያ)፣ ሁለት ንጹሕ ስላይድ፣ እርሳስና ሴፍቲ ቦክስ (የስለታም ነገር መጣያ)። የታካሚው ጣት ከተወጋ በኋላ ስላይድ ፍለጋ መሳቢያ የሚከፍት ባለሙያ ደሙ ይረጋበታል።

ለአዋቂ ሰው የግራ እጅ የቀለበት ጣት ይመረጣል፤ ለሕፃን የእግር አውራ ጣት ወይም ተረከዝ። የጣቱን ሥጋ ጎን እንጂ መሐል ጫፉን አትውጉ፤ መሐሉ ያማል። በአልኮል ከጠረጋችሁ በኋላ እስኪደርቅ ጠብቁ። አልኮል ያልደረቀበት ጣት ደሙን ያበላሸዋል፤ ሰውየውንም ያቃጥለዋል።

አንድ ምክር እዚህ ላይ ልጨምር። ወሎ ውስጥ መርፌ የሚፈራ ሰው እጁን ይዛችሁ «አብሽሩ እናቴ፣ አሁን ያልቃል» ስትሉት ጡንቻው ይላላል፤ ደሙም በደንብ ይወጣል። ዝም ብሎ ጣት ጎትቶ የሚወጋ ባለሙያ የሚያገኘው የቀዘቀዘ ጣትና የተጨመቀ ደም ነው። በጣም የተጨመቀ ደም ደግሞ ከሕብረ ሕዋስ ፈሳሽ ጋር ይቀላቀልና ይቀጥናል። ጠዋት በብርድ የመጣ ሰው ከሆነ እጁን እንዲያፋትግ ወይም ለብ ባለ ውሃ እንዲታጠብ አድርጉ።

የመጀመሪያውን ጠብታ በደረቅ ጥጥ ጥረጉት። ቀጥሎ የሚመጣውን ተጠቀሙ። ላንሴቱን ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ጣሉት፤ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ።

ደሙ ከክንድ ተቀድቶ የደም መርጋት መከላከያ ባለበት ቱቦ ከመጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስላይድ ላይ መዋል አለበት። ከቆየ ተውሳኮቹ መልካቸው ይለወጣል፣ ዝርያ መለየትም ይከብዳል።

4. ወፍራምና ቀጭን ፊልም በአንድ ስላይድ ላይ

ፊልም የምንለው ስላይድ ላይ የተዘረጋውን ደም ነው። ወፍራሙ ፊልም ተውሳኩ መኖር አለመኖሩን ይነግራችኋል፤ ቀጭኑ ደግሞ ምን ዓይነት እንደሆነ። ብዙ ደም በትንሽ ቦታ ላይ ስለሚከማች ጥቂት ተውሳክ የሚገኘው በወፍራሙ ላይ ነው። በቀጭኑ ላይ ግን ቀይ የደም ሴሉ ሳይፈርስ ስለሚቀር የተወረረው ሴል መጠኑና ቅርጹ ይታያል። አንዱን ትቶ በሌላው መሥራት ሥራን ማጉደል ነው።

ለወፍራሙ 6 ማይክሮ ሊትር ያህል ደም ያስፈልጋል፤ ለቀጭኑ 2 ማይክሮ ሊትር ይበቃል። ሁለተኛውን ስላይድ በማዕዘኑ ተጠቅማችሁ የወፍራሙን ጠብታ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ እስኪሆን በዝግታ አሽከርክሩት። እንደ ቡና ስኳር አታማስሉት፤ አምስት ስድስት ዙር በቂ ነው። ብዙ ከተማሰለ ነጭ የደም ሴሎቹ ይጎዳሉ። ውፍረቱ ልክ መሆኑን የምታውቁት እንዲህ ነው፦ ስላይዱን በታተመ ጋዜጣ ላይ አድርጋችሁ ገና እርጥብ እያለ ከሥሩ ያለውን ፊደል ማንበብ መቻል አለባችሁ። ፊደሉ ጨርሶ ካልታየ ወፍሯል፤ በቀለም ሲቀባ ተላጦ ከውሃው ጋር ይሄዳል። እንደ ባዶ መስታወት ጥርት ብሎ ከታየ ደግሞ ቀጥኗል።

ቀጭኑን ለመሥራት የገፊውን ስላይድ ጠርዝ ከትንሹ ጠብታ ጋር አገናኙና ደሙ በጠርዙ ላይ እስኪሮጥ ጠብቁ። ከዚያ በ45 ዲግሪ ያህል አዘንብላችሁ በአንድ ትንፋሽ ወደፊት ግፉት። እጅ ማቆም የለም። ጫፉ እንደ ምላስ ክብ ሆኖ እየሳሳ መጨረስ አለበት። መጀመሪያ ላይ ማንም አይሳካለትም፤ ሥራ በሌለበት ሰዓት በራሳችሁ ደም ሠላሳ አርባ ስላይድ ብትለማመዱ እጃችሁ ይረጋል።

የታካሚውን ቁጥርና ቀኑን በእርሳስ ጻፉ። ስላይዱ መጻፊያ ጠርዝ ከሌለው፣ የደረቀው ቀጭን ፊልም ወፍራም ጫፍ ላይ በእርሳስ መጻፍ ይቻላል። ብዕርና ማርከር በሜታኖል ይሟሟሉ። ስም የተሳሳተበት ጥሩ ስላይድ ከተበላሸ ስላይድ የባሰ ነው፤ የአንዱን በሽታ ለሌላው ይሰጣልና።

5. ማድረቅ

ይህን እርምጃ ሰዎች ይንቁታል፤ እኔ ግን ብዙ ስላይድ ሲበላሽ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ስላይዱ በደረቀ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ፣ ከአቧራና ከዝንብ ተሸፍኖ፣ በራሱ ጊዜ ይድረቅ። ጉንዳንና ዝንብ የደረቀ ደም ይበላሉ፤ የተበላ ወፍራም ፊልም መሐሉ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ፀሐይ ላይ ወይም ከምድጃ አጠገብ አታድርጉት። ሙቀት ወፍራሙን ፊልም ያጋግረዋል፤ ከዚያ በኋላ ቀይ የደም ሴሎቹ በውሃ አይፈርሱም፣ የሚታየውም ሁሉ ዳመና ይሆናል። በክረምት አየሩ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ሲቸኩሉ ሳይደርቅ መቀባት አለ፤ ያን ጊዜ ፊልሙ ተነቅሎ ይሄዳል። የሚያስቸኩል ታካሚ ካለ የማያሞቅ ማራገቢያ መጠቀም ይቻላል። በሌላ በኩል ደርቆ ለቀናት ሳይቀባ የቆየ ወፍራም ፊልም በራሱ ጊዜ ይጋገራል፤ ስለዚህ የዛሬው ስላይድ ዛሬ፣ ቢዘገይ ነገ ይቀባ።

6. መጋገርና መቀባት

ሴሎቹ እንዳይፈርሱ ሆን ተብሎ የሚጋገረው (መስታወቱ ላይ የሚጸናው) ቀጭኑ ፊልም ብቻ ነው፤ እሱን በሜታኖል ለሁለት ሦስት ሴኮንድ ነክራችሁ አውጡ። ሜታኖሉ፣ እንፋሎቱም ጭምር፣ ወፍራሙን መንካት የለበትም። ስለዚህ ወፍራሙን ወደ ላይ፣ ቀጭኑን ወደ ታች አድርጋችሁ ያዙት፤ እስኪደርቅም እንደዚያው ይቁም።

ቀለሙ ጂምሳ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ጉስታፍ ጂምሳ እ.ኤ.አ. በ1904 ካወጣው ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ ለወባ የተሻለ አልተገኘም። ምሥጢሩ ያለው ግን ቀለሙን በምታቀጥኑበት ውሃ ላይ ነው። የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) 7.2 መሆን አለበት። የባፈር (ፒኤቹን ልክ የሚያደርግ ውህድ) ክኒን ከሌላችሁ 0.7 ግራም ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌትና 1 ግራም ውሃ አልባ ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ አሟሙና ፒኤቹን ለኩ። የቧንቧ ውሃ እንዳለ አትጠቀሙ። ውሃው አሲዳማ ከሆነ ሁሉም ነገር ወደ ቀይ ያደላል፤ አልካላይ ከሆነ ወደ ሰማያዊ። ፒኤቹ ልክ ካልሆነ በቫይቫክስ ሴል ላይ የሚታዩት የሹፍነር ነጠብጣቦች ጨርሶ አይወጡም፤ በዚህም ዝርያውን ትስታላችሁ።

በየዕለቱ ጥቂት ታካሚ ሲመጣ የ10 በመቶውን ፈጣን አሠራር ተጠቀሙ፦ 1 ሚሊ ሊትር ጂምሳ ከ9 ሚሊ ሊትር ባፈር ጋር። ለአንድ ስላይድ 3 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል። በዝግታ አፍስሱትና 10 ደቂቃ ያህል ይቆይ። ቀለም በጠርሙሱ ስለሚለያይ አዲስ ጠርሙስ ስትከፍቱ ተውሳክ እንዳለበት በሚታወቅ ስላይድ ሞክራችሁ ደቂቃውን ወስኑ። ብዙ ስላይድ ተሰብስቦ ለነገ የማያስቸኩል ከሆነ የ3 በመቶው አሠራር፣ 3 ሚሊ ሊትር ጂምሳ ከ97 ሚሊ ሊትር ባፈር ጋር፣ ለ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ የበለጠ ጥራት ይሰጣል።

ሁለት ነገር በፍጹም አይደረግም። አንደኛ፣ ወደ ዋናው የጂምሳ ጠርሙስ ውሃ የነካ ፒፔት አይገባም፤ አንዲት ጠብታ ውሃ ጠርሙሱን ሙሉ ታበላሻለች። ሁለተኛ፣ የተበጠበጠ ቀለም ለከሰዓት ተብሎ አይቀመጥም። የ10 በመቶው ውህድ ከሩብ ሰዓት በኋላ ዝቃጭ መጣል ይጀምራል፤ ያ ዝቃጭ ስላይድ ላይ ሲያርፍ ተውሳክ መስሎ ያሳስታችኋል።

ስታጥቡ ቀለሙን አዘንብላችሁ አትድፉት። ላዩ ላይ እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን አለ፤ ከደፋችሁት ፊልሙ ላይ ይቀራል። በቀጭኑ ፊልም በኩል ባፈሩን በዝግታ አፍስሱና ሽፋኑ ተንሳፍፎ ይሂድ። ከዚያ ስላይዱን በመደርደሪያ ላይ አቁማችሁ አድርቁት።

7. ማየት

መጀመሪያ በባለ 10 ሌንስ ፊልሙን በሙሉ ቃኙ፤ ጥሩ የተቀባውንና ውፍረቱ እኩል የሆነውን ቦታ ምረጡ። ከዚያ ዘይት አድርጋችሁ ባለ 100 ሌንሱን አውርዱ። በጥሩ ወፍራም ፊልም ላይ በአንድ መስክ ከ10 እስከ 20 ነጭ የደም ሴል ታያላችሁ፤ ኒውክለሳቸው ጥቁር ሐምራዊ፣ ከኋላ ያለውም ንጹሕ መሆን አለበት። ነጭ የደም ሴል የማይታይበት ወፍራም ፊልም ታጥቦ የሄደ ነው፤ በእሱ ላይ ተመሥርቶ «አልታየም» ማለት አይቻልም። እንደገና ደም ውሰዱ።

በወፍራሙ ፊልም ላይ ቀይ የደም ሴሎቹ ፈርሰዋልና ተውሳኩ ራቁቱን ነው። ተውሳክ ለመባል ሁለት ነገር አብሮ መታየት አለበት፦ ቀይ የክሮማቲን ነጥብ (ኒውክለሱ) እና ሰማያዊ ሳይቶፕላዝም (በዙሪያው ያለው አካሉ)። ቀይ ብቻ ከሆነ የቀለም ዝቃጭ ሊሆን ይችላል፤ ሰማያዊ ብቻ ከሆነ ቆሻሻ። የማይክሮስኮፑን ጥራት ማስተካከያ ያለማቋረጥ በጥቂቱ ከፍ ዝቅ አድርጉት፤ ዝቃጭ ከፍ ብሎ በሌላ ደረጃ ላይ ይታያል፣ ተውሳክ ግን ከሴሎቹ ጋር በአንድ ደረጃ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። አሉታዊ ለማለት ቢያንስ 100 መስክ ማየት ግዴታ ነው። ስላይዱን እንደ በሬ እርሻ በመስመር እየሄዳችሁ፣ ዳር ስትደርሱ እየዞራችሁ፣ አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ሳትረግጡ እዩ። በእጅ መቁጠሪያ ተጠቀሙ። በልብ ስትቆጥሩ፣ አንድ ሰው ከመስኮቱ «ውጤቴ ደረሰ ወይ?» ሲላችሁ፣ 40 የነበረው 70 ይሆናል። እኔ ዛሬም መቁጠሪያ ሳልይዝ አልቀመጥም። ሁለተኛ መቶ ማየት ዝርያ ለመለየትና ድብልቅ ልክፍትን ለማግኘት ይረዳል።

መቶ መስክ ለማየት ዐሥር ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በጥቅምት ሰልፉ ከበር ሲያልፍ ይህ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ቢሆንም የሚቆረጠው ነገር ይህ እንዳይሆን። መብራት በሄደ ጊዜም መስተዋት ያለው ማይክሮስኮፕ ካላችሁ መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን መሥራት ይቻላል፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ግን ዓይን ስለሚጎዳ ወደ ሰማዩ ብሩህ ክፍል አዙሩት።

8. ዝርያ መለየት

ወደ ቀጭኑ ፊልም ሂዱና ሴሎቹ ሳይደራረቡ የተነጠሉበትን፣ ወደ ላባው (ወደ ሳሳው) ጫፍ የተጠጋውን ክፍል ፈልጉ። በአገራችን በዋናነት ሁለቱን ትገናኛላችሁ፤ ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረምና ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ።

ፋልሲፓረም ቀለበቱ ትንሽና ቀጭን ነው፤ የተወረረው ቀይ ሴል መጠኑ አይለወጥም። በአንድ ሴል ሁለት ሦስት ቀለበት፣ በአንድ ቀለበት ላይ ሁለት ነጥብ፣ ከሴሉ ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ቀለበት፣ እነዚህ ሁሉ ወደ እሱ ያመለክታሉ። ደም ሥር ውስጥ ከሚዘዋወረው ደም ላይ የሚታየው ብዙ ጊዜ ቀለበቱ ብቻ ነው፤ ያደጉት ተውሳኮች በውስጥ አካላት ቀጫጭን የደም ሥሮች ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። የበሽታው ክፋትም ያለው እዚያ ነው። ሙዝ ወይም ጨረቃ የመሰለ ጋሜቶሳይት (ወደ ትንኝ የሚሻገረው የተውሳኩ ዓይነት) ካያችሁ ጥርጣሬው ያበቃል።

ቫይቫክስ በተቃራኒው ሴሉን ያሳብጠዋል። ሴሉ ከጎረቤቶቹ ይተልቃል፣ ይገረጣል፣ በሮዝ የሹፍነር ነጠብጣብ ይሞላል፤ ተውሳኩም ቅርጹ የተበታተነ ነው። ከቀለበት እስከ ሺዞንት (ወደ ብዙ ፍሬ የሚከፋፈለው ተውሳክ) ያለው ዕድገት ሁሉ በአንድ ስላይድ ላይ ይገኛል፤ የበሰለው ሺዞንት ከ12 እስከ 24 ፍሬ ይይዛል።

ይህ ልዩነት ለሕክምናው ወሳኝ ነው። ፋልሲፓረም በአርቴሜተር ሉሜፋንትሪን ይታከማል፤ ቫይቫክስ ግን በክሎሮኪን ታክሞ ጉበት ውስጥ የተኛውን ለማጥፋት ፕሪማኪን ይከተለዋል። ቫይቫክስን ፋልሲፓረም ብላችሁ ብትጽፉ ታካሚው ለጊዜው ይድናል፤ ከወራት በኋላ ግን ተመልሶ ይመጣል። ፋልሲፓረምን ቫይቫክስ ብላችሁ ብትጽፉ ደግሞ ሰው ልትገድሉ ትችላላችሁ። ሁለቱም አብረው ከታዩ ሁለቱንም ጻፉ። መለየት ካቃታችሁ «ዝርያው አልተለየም» ብሎ ጽፎ ለሐኪሙ መናገርና ስላይዱን ለሁለተኛ ዓይን ማሳየት ነውር የለውም። ደሴ ላይ የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ አለ፤ አብሯችሁ የሚሠራ ነባር ባለሙያም አለ።

ስላይዱ ሌላም ነገር ሊያሳያችሁ ይችላል። በሴሎቹ መካከል እንደ ተጠማዘዘ ክር ሐምራዊ ነገር ከታየ በሰውነት ቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ባክቴሪያ ነው፤ ወዲያው ለሐኪሙ ይነገር። ከሁመራና ከመተማ የተመለሰ ሠራተኛ ደግሞ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ፣ ከስቶ፣ ጣፊያው አብጦ ከመጣ የወባ ስላይድ አሉታዊ መሆኑ አያሳርፋችሁ። ካላዛር ሊሆን ይችላል። እሱም በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚመጣ የተውሳክ በሽታ ነው፤ በደም ፊልም ግን አይያዝም፣ የራሱ ፈጣን መመርመሪያና የሆስፒታል ምርመራ አለው።

9. መቁጠር

«አንድ መስቀል፣ ሁለት መስቀል» እየተባለ የሚጻፈውን የድሮ አሠራር ተዉት፤ ሐኪሙ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ከእሱ ማወቅ አይችልም። በወፍራሙ ፊልም ላይ በአንድ እጅ ተውሳክ፣ በሌላው ነጭ የደም ሴል ቁጠሩ። 200 ነጭ ሴል ላይ ስትደርሱ ተውሳኩ 100 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አቁሙ። ካነሰ 500 ነጭ ሴል እስኪሞላ ቀጥሉ። የጀመራችሁትን መስክ ሳትጨርሱ አታቁሙ። ከዚያ የተውሳኩን ቁጥር በ8,000 (በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ይኖራል ተብሎ በሚገመተው የነጭ ሴል ቁጥር) አባዙና በቆጠራችሁት ነጭ ሴል አካፍሉ። ለምሳሌ 150 ተውሳክ በ200 ነጭ ሴል ከሆነ፣ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 6,000 ተውሳክ ማለት ነው። 40 ተውሳክ በ500 ነጭ ሴል ከሆነ ደግሞ 640። የታካሚው ትክክለኛ የነጭ ሴል ቁጥር ተለክቶ ካለ በ8,000 ምትክ እሱን ተጠቀሙ። ጋሜቶሳይትን ከሌላው ጋር አትደምሩ፤ ለብቻው ጻፉት። ከሕክምና በኋላ ጋሜቶሳይት ብቻ መታየቱ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለምና።

10. ስለ ፈጣኑ መመርመሪያ

ማታና በበዓል ቀን፣ ማይክሮስኮፕ በሌለበት ጤና ኬላም፣ ፈጣኑ መመርመሪያ ብዙ ነፍስ ያድናል። ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን እዩ፣ የደሙን መጠን በራሱ መለኪያ ውሰዱ፣ የራሱን ባፈር ብቻ ጨምሩ፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ አንብቡት። ዘግይቶ የወጣ መስመር አይቆጠርም። የመቆጣጠሪያው መስመር ካልወጣ ምርመራው አልተሠራም።

ሁለት ድክመቱን ግን እወቁ። የፋልሲፓረምን ኤችአርፒ2 ፕሮቲን የሚፈልገው ዓይነት ሰውየው ከዳነ ከሳምንታት በኋላም አወንታዊ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ መዳንን ለማረጋገጥ አይሆንም። በሌላ በኩል ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል የጎደለው ፋልሲፓረም በአገራችንም ተገኝቷል፤ እሱ በዚህ መመርመሪያ ሾልኮ ያልፋል። ምልክቱ ግልጽ ሆኖ ፈጣኑ መመርመሪያ አሉታዊ ካለ ስላይድ ሥሩ።

11. ውጤቱን መስጠት

ዝርያውን፣ የታየውን የዕድገት ደረጃና ቁጥሩን ጻፉ። አሉታዊ ከሆነ «በ100 መስክ የወባ ተውሳክ አልታየም» በሉ፤ «ወባ የለበትም» አትበሉ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ትኩሳቱ ከቀጠለ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ልዩነት ምርመራው ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲደገም ለሐኪሙ ንገሩ።

ነፍሰ ጡር ሴት ወይም ትንሽ ሕፃን ፋልሲፓረም ከተገኘባቸው፣ ቁጥሩ በጣም ከበዛ፣ ወይም በደሙ ላይ የፋልሲፓረም ሺዞንት ከታየ፣ ወረቀቱ በታካሚው እጅ ተራ እስኪደርሰው አይጠብቅ። ተነሥታችሁ ራሳችሁ ወደ ሐኪሙ ክፍል ሂዱ። ታካሚው «ምን ተገኘ ልጄ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ በሰው ፊት አታውጁት፤ «ሐኪሙ ጋ ይግቡ አባቴ፣ እሳቸው ያስረዱዎታል» በሉና በሩን አሳዩአቸው።

ስላይዱን ዘይቱን በለስላሳ ወረቀት አንስታችሁ፣ በቁጥሩ ቅደም ተከተል ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። አወንታዊውንም አሉታዊውንም። የእኔን ስህተት ያገኘሁት ያ አሉታዊ የተባለ ስላይድ ሳይጣል ስለቆየ ነው። ባለ 100 ሌንሱን በሌንስ ወረቀት ጥረጉ፣ ባለ 10 ሌንሱን ወደ መሐል መልሱ፣ ማይክሮስኮፑን ሸፍኑት፤ መቁጠሪያውንም ወደ ዜሮ መልሱት።